መሬቱ ሲናገር

ሌኖራ የጨዋታ ጠረጴዛውን የሸፈነውን አንሶላ በሁለት ጫፉ ይዛ ቀስ ብላ ስታነሳው ሐይቁ ከነውርጩ ብቅ አለ። ባሏ ቨርጂል በመከር እንደተወው ነበር። ከጠረጴዛው ዳር እስከ ዳር የተዘረጋው በረዶ፣ ዳርቻው ላይ የቆመችው የውሃ ወፍጮ፣ ከወፍጮዋ ደጅ የተደረደሩት የዘይት በርሜሎች፣ ሁሉም በቦታቸው ነበሩ። በረዶው መሐል አውራ ጣት የማያክሉ ሦስት አሻንጉሊት ጀግኖች አንድ እግራቸውን እንዳነሱ ቆመዋል። ወራት ሙሉ በጨለማ እንደዚያው ሆነው ጠብቀዋል። ሌኖራ ጎንበስ ብላ አቧራቸውን እፍ እፍ አለችላቸው።

ሐይቁን የሠራችው እሷ ናት። ቨርጂል ወፍጮዋን ከክብሪት እንጨት ሲገጣጥም፣ እሷ ሲደርቅ እንደ መስታወት የሚጠራ ፈሳሽ ፕላስቲክ ኬክ መጋገሪያ ትሪዎቿ ላይ አፍስሳ፣ ሳይጠነክር በሹካ ጫረችው። ስንጥቁ ከቤታቸው ጀርባ ያለውን ሐይቅ እንዲመስል ፈልጋ ነው። ትሪዎቹ ከዚያ ወዲያ ለኬክ አልሆኑም፤ እሷም አላዘነችላቸውም።

በዚህ ምድር ቤት ሰላሳ ዓመት ያህል ቅዳሜ ቅዳሜ ጨዋታ ነበር። ቨርጂል ይተርካል፤ ጓደኞቹ በየጀግናቸው ሆነው «እንዲህ አደርጋለሁ» ብለው ይመልሳሉ፤ ያጠራጠረውን የሚንከባለለው ባለ ቁጥር ዳይስ ይፈርደዋል። በሌላ ቤት ተጫዋች የሚፈራው ዘንዶውን ነው። በቨርጂል ቤት የሚፈራው መሬቱ ነበር። ዘይት የፈሰሰበት ድንጋይ ያንሸራትታል፤ ያው ዘይት እሳት ሲያገኝ ይነዳል፤ እሳቱ በረዶ ላይ ሲደርስ በረዶው ውሃ ይሆናል፤ ውሃው ላይ መብረቅ ሲወርድ የቆመበትን ሁሉ ይፈጃል። አንዱ ሌላውን ይጠራዋል። ሌኖራ ቋሊማና አይብ ይዛ ስትወርድ ደረጃው ላይ ቆማ ትሰማ ነበር፤ ስንቴ ሳህኑን ማድረስ ረስታለች። ቀን ቀን የሰው ጀልባ የሚጠግን ሰው፣ ማታ በእሳትና በውሃ ብቻ ዓለምን እንዲህ ሲያንቀሳቅስ መስማት ያስደስታት ነበር። ይህን ግን አንድም ቀን ነግራው አታውቅም።

ጠረጴዛው አንድ ሥርዓት ነበረው። መሬቱ ምን እንደሆነ ጨዋታውን የሚተርከው መሪ ይናገርና በጣቱ አንጓ ጠረጴዛውን መትቶ «መሬቱ ተናግሯል» ይላል። ከዚያ በኋላ ቃሉ አይታጠፍም፤ መሪው ራሱ ቢሳሳትም አይታጠፍም። አንድ ክረምት ቨርጂል ዓመት ሙሉ ያሳደገውን ዘንዶ በገዛ ቃሉ ረግረግ ውስጥ ቀብሮት፣ ያን ማታ እራት ሳይበላ ተኛ። ቃሉን ግን አልመለሰም።

ከዚያ ያለፈው መከር መጣና ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑ ሰነፈ። ሐሳቡ ሙሉ ነው፤ ቃሉ ግን ጉሮሮው ላይ ይቀራል። ጓደኞቹ መጀመሪያ አካባቢ ቅዳሜያቸውን አልተዉም ነበር። ሳሎን ተቀምጠው ስለ በረዶው፣ ስለ መንገዱ ሲያወሩ ቨርጂል ፊቱን ወደ መስኮት ያዞራል። እያደር መምጣታቸው ሳሳ። ሌኖራን ያስፈራት በሽታው አልነበረም። ያስፈራት፣ ባሏ ዝምታውን ቤቱ አድርጎት እንዳይቀር ነው። ስለዚህ ለሦስቱም ጓደኞቹ ደወለችና በመከር የተቋረጠውን የጨዋታውን ጦርነት እንጨርሰው፣ የምመራው እኔ ነኝ አለች። ቨርጂልንም አንዴ ብቻ ወደ ምድር ቤት ውረድልኝ ብላ ለመነችው። በዓይኑ እሺ አላት። ጨዋታው ዛሬ በእጇ ከተበላሸ ሰዎቹም አይመለሱም፣ እሱም ዳግመኛ ያን ደረጃ አይወርድም። ይህን አሳምራ ታውቀዋለች።

ሰዎቹ ከቀትር በኋላ የጫማቸውን በረዶ እያራገፉ ገቡ። ሮሊ በክረምት የከተማውን መንገድ በረዶ የሚጠርግ ወፍራም ሰው ነው፤ ጨዋታው ላይ ባለ መጥረቢያ ጀግና ነው፤ በእውነትም በጨዋታም ችኩል ነው። አርዲስ ጡረታ የወጣች የፖስታ አመላላሽ ስትሆን፣ ጀግናዋ ትንፋሿ ውርጭ የሆነ አስማተኛ ናት። ዌንደል ፋርማሲስቱ ቤት ሰርሳሪ ሌባ ሆኖ ይጫወታል፤ ከሌባ ግን እንደሱ ይሉኝታ ያለው ሰው የለም። ቨርጂል ደረጃውን በጎኑ ወርዶ ከማሞቂያው አጠገብ፣ ከጠረጴዛው ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ሌኖራ በእሱ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ወንበሩ ሰፋት።

«እመቤት» አለ ሮሊ፣ «አንቺ እዚያ ከተቀመጥሽ ቋሊማውን ማን ሊያመጣልን ነው?»

«እግር አለህ። ማቀዝቀዣውም አልተቆለፈም።»

ሳቁ። የጣቷን አንጓ ስለሚያማት ከኩሽና ማማሰያ ይዛ ወርዳ ነበር፤ እሱን ሲያዩ ደግሞ ዳግመኛ ሳቁ። ሌኖራ ግን ማማሰያውን አስተካክላ አስቀምጣ፣ የወፍጮዋ ጣሪያ ላይ የቆመውን የጀግኖቹን ጠላት፣ የመብረቅ ንጉሡን፣ በጣቷ አሳየቻቸውና መተረክ ጀመረች።

ድምጿ መጀመሪያ ቀጠነ፤ ኋላ ግን ራሱን አገኘ። በረዶው ከጀግኖቹ እግር በታች ሲያቃስት ነገረቻቸው። ያን ድምፅ ሁሉም ያውቁታል፤ ሐይቅ ላይ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የንጉሡ ወታደሮች ከወፍጮዋ መዘውር ስር፣ ውሃው ስለሚሮጥ ከቶ በማይረጋበት ቦታ፣ እስከ ጉልበታቸው ቆመው እንደሚጠብቁ ነገረቻቸው። ዌንደል ወንበሩን ወደፊት ሳበ። ሮሊ መብላቱን ተወ። ሌኖራ ልቧ ሞላ፤ ይህን ያህል ዓመት ደረጃ ላይ መቆሜ ለካ ትምህርት ቤት ነበር አለች በሆዷ።

ሮሊ ተራው ሲደርስ እንደ ልማዱ አላሰበም። በጀግናው እግር አንዱን በርሜል ገልብጦ ዘይቱን በረዶው ላይ ለቀቀውና ችቦ ወረወረበት። እየሳቀ ባለ ሃያ ገጽ ዳይሱን አንከባለለ፤ ቀናው። ሌኖራም በጨዋታው ሙቀት ተወስዳ፣ እሳቱ በዘይቱ ላይ እንዴት እንደሮጠ፣ በረዶው እንዴት እንደተንጣጣ፣ ከዳር እስከ ዳር ቀልጦ ሦስቱም ጀግኖች እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ እንዴት እንደገቡ ተረከች። ማማሰያውንም አነሳች።

«መሬቱ ተናግሯል።»

ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው። ከሁሉ ቀድማ የገባት አርዲስ ናት፤ ቢራዋን አስቀመጠች። ከአርዲስ ቀጥሎ ተራው የመብረቅ ንጉሡ ነው፤ ጀግኖቹ በሙሉ ያሉት ውሃ ውስጥ ነው። አንድ ብልጭታ ይበቃቸዋል። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ፣ ሌኖራ ይህን ያየችው ማማሰያው ጠረጴዛውን ከመታ በኋላ ነበር።

«በቃ» አለ ሮሊ፣ ሳቁ ፊቱ ላይ እንደቀረ። «ሃያ ዓመት ሆኜው የኖርኩትን ሰውዬ አበሰልሽው።»

ዌንደል ጉሮሮውን ጠራረገና፣ የመጀመሪያ ቀኗ ስለሆነ በረዶው የቀለጠው እሳቱ ባለበት ብቻ ነው ብትል ማንም እንደማይቀየማት በለሆሳስ ነገራት። ደግ ሰው ነው፤ ያለው ሁሉ ከልቡ ነው። ሌኖራ ማማሰያውን አየችው። መመለስ ቀላል ነበር። ጀግኖቹ ይተርፋሉ፤ ሰዎቹም ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። ዳሩ ግን ለበሽተኛ ሲባል ሕጉ የታጠፈበትን ጨዋታ ደግሞ ማን ብሎ ይመጣበታል? ዓይኗ ወደ ማሞቂያው ሄደ። ቨርጂል ከወረደ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ያያት ነበር።

«መሬቱ ተናግሯል፣ ዌንደል» አለች። «አርዲስ፣ ተራሽ ነው። ምን ታደርጊያለሽ?»

አርዲስ ሐይቁን ረጅም ጊዜ አየችው። ደብዳቤ ስታድል በኖረችባቸው ዓመታት የማንን ውሻ በየት በኩል እንደምታልፍ የምታስብ ሴት ናት፤ አሁንም እንደዚያ ነው ያሰበችው። እሳቱ ገና ውሃው ላይ እየነደደ ከሆነ እንፋሎት አለ ወይ ብላ ጠየቀች። ሌኖራም፣ አዎ አለ፣ ከውሃው በላይ ሰው የማያሳይ ነጭ እንፋሎት ቆሟል ብላ መለሰች።

«እንግዲያው ትንፋሼን በውሃው ላይ አላባክንም። እንፋሎቱ ላይ ነው የምተነፍሰው። ያለኝን ውርጭ በሙሉ።»

ይህን በዚህ ጠረጴዛ ላይ አንድም ሰው አድርጎት አያውቅም። እሳት ከዘይት፣ ውሃ ከመብረቅ ሲገናኝ ምን እንደሚሆን ቨርጂል ወስኗል፤ ውርጭ ከእንፋሎት ግን ገና አልተገናኙም ነበር። ሳያስቡት ሦስቱም ወደ እሱ ዞሩ። ቨርጂል አፉን ከፈተ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ የአንገቱ ሥር ተገተረ፤ ቃሉ ግን አልመጣም። ሮሊ ዓይኑን ወደ ሳህኑ አወረደ። የቨርጂል ፊት ቀስ እያለ ወደ ግድግዳው ሲዞር ሌኖራ አየችው።

«ወደዚህ እዩ» አለች። «ዛሬ የምመራው እኔ ነኝ።»

ምን እንደምትል ግን አላወቀችም። ያኔ ነው በረንዳው ትዝ ያላት። በየዓመቱ ብርዱ በሚበረታበት ጠዋት ቨርጂል የፈላ ውሃ በማንቆርቆሪያ ይዞ፣ በሌሊት ልብሱ በረንዳ ወጥቶ ወደ ሰማይ ይረጨዋል። ውሃው ሳይወርድ ነጭ ብናኝ ሆኖ ይበተናል። እሷ ከውስጥ በሩን ይዛ ብርድ አስገባህ ትለዋለች፤ እሱ እንደ ልጅ ይስቃል። ዘንድሮ ያ ብርድ መጥቶ ሄደ፤ ማንቆርቆሪያው አልተነካም።

«እንፋሎቱ ድምፅ አሰማ» አለች ቀስ ብላ። «እንደ መቃተት ያለ። ከዚያ ነጭ ሆነና ተበተነ፤ ብናኝ በረዶ ሆኖ በላያችሁ መውረድ ጀመረ። እሳቱ ላይ ወረደ፣ ውሃው ላይ ወረደ፣ ሮሊ ጢም ላይ ወረደ። ውሃው ቆዳ አወጣ። ቆዳው ጠና። ሐይቁ እንደገና ረጋ፤ ንጉሡም ያኔ መብረቁን ለቀቀው።»

ሌኖራ ጣቷን ከወፍጮዋ ጣሪያ ወደ ሐይቁ አንሸራተተች።

«መብረቁ ወደ እናንተ መጣ። በረዶውን ነካው፤ በረዶው ግን መንገድ አልሰጠውም። በላዩ ላይ ውሃ ፍለጋ ሮጠ፤ ከመዘውሩ ስር ያልረጋ ውሃ አገኘ። እዚያ የቆሙት የገዛ ወታደሮቹ ነበሩ።» ማማሰያውን ግማሽ ድረስ አንስታ ቆየች። «እናንተ ግን ሐይቁ ሲረጋ ውስጡ ነበራችሁ። እስከ ወገባችሁ ይዟችኋል። ወዲያ ዳር ያለው ዘይት ደግሞ ገና ይነዳል፤ ወደ እናንተም እየመጣ ነው። መሬቱ ተናግሯል።»

ጠረጴዛውን መታች። ከዚያ ሮሊ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ፣ አተረፍሽን ወይስ ቀበርሽን እያለ ይስቅ ጀመር፤ አርዲስም መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች። ዌንደል ሐይቁን ዛሬ ገና እንዳየው ሁሉ ያይ ነበር።

ከማሞቂያው በኩል ወንበር ሲጎተት ተሰማ።

ቨርጂል ወንበሩን በግራ እጁ እየጎተተ መጣ። ሌኖራ ቦታውን ልትለቅለት ብድግ አለች። እሱ ግን አልፏት ሄደና ወንበሩን ከተጫዋቾቹ በኩል፣ ከአርዲስ ጎን አቆመው። ከግድግዳው መደርደሪያ አንዲት አሻንጉሊት አወረደ፤ መቅዘፊያ የያዘ ሽማግሌ ምስል ነበረች። ከሐይቁ ዳር ሊያቆማት ሲል ወደቀች። አርዲስ እጇን ልትዘረጋ ብላ ተወችው። እንደገና አቆማት፤ ቆመች።

ቀና ብሎ ሚስቱን አያት። ግማሽ ፊቱ ይስቅላታል፣ ግማሹም ይሞክራል።

«ተ... ተራዬ?»

ሌኖራ ተቀመጠች። ማማሰያውን ወደ ራሷ ሳበች፤ ከዚያም ማንም ወደዚህ ጠረጴዛ አዲስ የመጣ ሰው የሚጠየቀውን ጠየቀችው።

«ምን ታደርጋለህ?»

ቨርጂል ወደ በረዶው ጎንበስ አለ። ስንጥቆቹን አንድ በአንድ ተመለከታቸው፤ ዘይቱንም፣ እሳቱንም አየ። ማንም አላጣደፈውም፤ በግራ እጁ ሽማግሌውን በበረዶው ላይ ወደ ጀግኖቹ ገፋው።