ተወደደ

ወንዲ ነገሩን ያበላሸው ወሩን በፈረንጅ ቆጥሮ ቀኑን በሀበሻ በማሰቡ ነው። ቲና የምትባለው እንግዳ ገና በየካቲት «ሜይ አጋማሽ ላይ እመጣለሁ፤ የትኛው ቀን ይመችሃል?» ብላ ስትጽፍለት ደረቱን ነፍቶ «ረቡዕ» አላት። ረቡዕ ጾም ነዋ! በጾም ቀን ሱሉልታም ቡራዩም ሰበታም ሽሮና ምስር የማይገኝበት ምግብ ቤት የለም። እናቱን ጠይቆ ቢሆን ኖሮ «ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ሃምሳውን ቀን ረቡዕም ዓርብም አይጾምም» ትለው ነበር። ግን ወንዲ እናቱን የሚጠይቃት ቻርጀሩን የት እንዳስቀመጠችበት ብቻ ነው።

ቲና ቪጋን ነች። ቪጋን ማለት ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ ዓመቱን ሙሉ የማይነካ ሰው ነው፤ ቄስ ሳያዘው። የምትሠራበት ድርጅት እንዲህ ያሉ ሰዎች በሄዱበት ከተማ ሁሉ ጥሩ ምግብ ቤት የሚያገኙበት አፕ አለው፤ ለአዲስ አበባ ዙሪያ ወኪል ይፈልግ ነበር። ወንዲ ደግሞ «ቅጠል ይሻላል» የሚል ገጽ ከፍቶ ፎቶ ይለጥፋል። ዛሬ አንድ፣ አንድ እንኳ ዓመቱን ሙሉ የሚታመን ቤት ካሳያት ወኪልነቱ የእሱ ነው። ካላሳያት ቡራዩ ወዳለው ወደ አጎቱ ወደ ገብረየስ ሥጋ ቤት ይመለሳል። ከዚያ የወጣው «ከእንግዲህ ደም አላይም!» ብሎ በደንበኛ ፊት ፎክሮ ነው። አጎትየው በሳቅ ሞቶ ነበር፤ ሲመለስ ምን እንደሚል ማሰቡ ብቻ ወንዲን ያመዋል።

ጠዋት ሱሉልታ ገቡ። ወንዲ በሁዳዴ ገብቶ ጣቱን የላሰበት ቤት ነበር። አሁን ግን በሩ ላይ አንድ ሙሉ የበሬ ታፋ ተንጠልጥሏል።

«እትዬ ያለምወርቅ፣ ያ የጾም በያይነቱ አለ አይደል?» አላቸው የቤቱን ባለቤት።

«የምን ጾም?»

«ዛሬ ረቡዕ አይደለም እንዴ?»

እትዬ ያለምወርቅ ቲናን አዩ፣ ወንዲን አዩና አማተቡ። «በሃምሳው? ጌታ እኮ ተነሥቷል የኔ ልጅ! አልነገሩህም?»

ወንዲን ላብ አጠመቀው። ለቲና ግን በእንግሊዝኛ «እየተሠራ ነው» አላት። እትዬ ያለምወርቅ እንግዳ ጾሟን ከቤቴ አትወጣም ብለው ጎመን አቀረቡ። ጎመኑ ጎመን በሥጋ ነው። ቲና አንድ አጥንት በሹካ አንሥታ ይህ ደግሞ ምን ዓይነት አትክልት እንደሆነ ጠየቀች።

«ሥጋውን ለይታ ታስቀምጠው» አሉ እትዬ ያለምወርቅ፣ ቅር እያላቸው። «ማን አስገደዳት?»

ቡራዩ ላይ ተስፋ ነበር። እዚያ ያለው ሆቴል ሜኑው ላይ በትልቁ «ቪጋን» ብሎ ጽፏል። ከራቫቱን አንገቱ ድረስ ያጠበቀው አስተናጋጅ ጆኒ «ቪጋን? ሞልቷል ብሮ!» ብሎ ሄደና፣ ራሱ ያልተቆረጠ፣ ሎሚ የተደረደረበት ዓሣ ይዞ መጣ።

«ዓሣ እኮ ነው!» አለ ወንዲ።

«አዎ፣ የጾም ነው። ሥጋ መሰለህ እንዴ?»

«ዓይን አለው!»

«ዓይኑን ተወዋ፣ ማን ብላ አለህ!»

ዓሣው ተመልሶ ሽሮ መጣ፤ ድስቱ ውስጥ እየተንተከተከ። ቲና ደስ ብሏት እንጀራ ቆረሰች። ሽታው አፍንጫውን የመታው ወንዲ ግን ጆኒን ወደ ጎን ሳበው። «ቅቤ አለበት?»

«የለበትም። ለሽታ ያህል ብቻ ነው ጣል ያደረግነው።»

ቲና ለጉዞው ያጠናችው የአማርኛ ቃል አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም «ቅቤ» ነው። እንጀራውን አስቀመጠችና ቦርሳዋን አነሣች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የወንዲ ቀበቶ መኪና ውስጥ ሳይገባ ተፈታ።

ወደ ሰበታ ጉዞ ቀጠሉ። ፉሪን አልፈው አንድ በመሠራት ላይ ያለ ሕንፃ አጠገብ አሸዋ የጫኑ መኪኖች መንገዱን ዘጉት። ቲና ርቧታል፤ መስኮቱን ከፍታ አሸተተች። ከመንገዱ ዳር በሸራ ድንኳን ሥር አንዲት እናት ለቀን ሠራተኞች ሽሮ ይሠራሉ። እትዬ አጸደ ይባላሉ። ወንዲ «ይሄ ሬስቶራንት አይደለም» ሊላት አፉን ሲከፍት ቲና ወርዳለች።

«አካም ጂርቱ እትዬ?» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አላቸው ወንዲ ኋላዋ እየሮጠ። «ሽሮው ቅቤ አለበት?»

«ቅቤ?» ሳቁ እትዬ አጸደ። «ከየት አባቴ!»

«አሁን በሃምሳውም?»

«ማጣት ደግሞ ሃምሳ አለው እንዴ?»

ወንዲ እዚያው ተንበርክኮ ጉልበታቸውን ቢስም ደስ ባለው። ቲና አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ሽሮው ወፍራም ነው፤ ነጭ ሽንኩርቱ ጠብሰቅ ብሏል፣ ቃሪያው ያቃጥላል። ዓይኗን ጨፍና በላች፤ ደገመች። ከዚያ አፏን ጠረግ አድርጋ «ለምን ቅቤ እንደማይጨምሩ ጠይቅልኝ» አለችው። «ፍልስፍናቸውን ማወቅ እፈልጋለሁ።»

«ለምንድን ነው ቅቤ የማይጨምሩት ትላለች።»

«ተወደደ በላት» አሉ እትዬ አጸደ።

ወንዲ ትንሽ አሰበ። ተወደደ ማለት ዋጋው ናረ ማለት ነው። ግን ፍቅር አገኘ ማለትም አይደል? አስተርጓሚ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ መብቱ ነው።

«በፍቅር ነው ይላሉ» አላት በእንግሊዝኛ። «ለላሚቷ ካላቸው ፍቅር የተነሣ።»

የቲና ዓይን እንባ አቀረረ። ከቦርሳዋ አረንጓዴ ስቲከር አውጥታ የድንኳኑ ምሰሶ ላይ ለጠፈች፤ የወንዲንም እጅ ጨበጠች። ወኪል ሆኗል! አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀችው፤ ቤቱ ምንጊዜም እንዲህ መኖር አለበት።

«እንዳላችሁ ኑሩ ትላለች» አለ ወንዲ በደስታ ሰክሮ።

«እንዴት እንዳለን?»

«ያለ ቅቤ።»

እትዬ አጸደ መልስ ሳይሰጡ ከሕንፃው በኩል ጩኸት ተሰማ። የግንበኞቹ አለቃ ኦቦ ጉታ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር አቅፎ መጣ፤ ሠራተኞቹ ሲሚንቶ የለበሰ እጃቸውን እየታጠቡ ይከተሉታል። ዛሬ ሶሌታው፣ የፎቁ ወለል ኮንክሪት፣ ተሞልቷል። ሶሌታ ሲሞላ በግ ይታረዳል፤ ወጉ ነው። የሕንፃው ባለቤት ግን በግ ብሎ ምሎ ሲያበቃ በበጉ ፈንታ ቅቤ ላከ።

«እትዬ፣ ጣዱት!» አለ ኦቦ ጉታ። «ዛሬ ሽሮው ሽሮ ይሁን!»

ወንዲ ድስቱ ፊት ተገተረ። «ኦቦ ጉታ፣ እግዜር ይስጥህ፣ እሷ እስክትሄድ ብቻ! እንጀራዬ ነው!»

ኦቦ ጉታ ሦስተኛ እንጀራ የምታጥፈውን ቲናን አየ። የምትሄድ አትመስልም። «ምን ሆናለች? ቅቤ አጥታ ነው?»

«አይ፣ እሷስ ሞልቷታል። መርጣ ነው።»

«አሃ» አሉ እትዬ አጸደ። ቅጠሉን ፈቱት። «ታዲያ እኛም ዛሬ መረጥና!»

ቅቤው ድስቱ ውስጥ ገባ። ሽታው ድንኳኑን ሞላው፤ ሠራተኞቹ እልል አሉ። ቲና ብድግ አለች። «ምን እያደረጉ ነው? ምን አሉ?»

ወንዲ ውሸቱ ምላሱ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፤ በቅጠል የመጣ ነገር የቅጠል ዘይት ነው ሊላት ይችላል። ግን ዙሪያውን አየ። ከጠዋት ጀምሮ ሲሚንቶ ሲሸከሙ የዋሉ ሰዎች እንደ ሙሽራ ደስ ብሏቸው ድስቱን ከብበዋል። አፈረ፤ በራሱ ከልቡ አፈረ።

«ቅቤ የማይበሉት ስለሌላቸው ነበር» አላት። «ዛሬ አገኙ።»

ቲና ስቲከሩን ከምሰሶው በጥፍሯ ፋቀች፤ ጥሩ ሙጫ ስለነበረው ግማሹ ቀረ። መኪናው የወንዲን ወኪልነት ይዞ ወደ አዲስ አበባ ሄደ።

«ኮቱ፣ ታኢ!» አለ ኦቦ ጉታ አግዳሚው ላይ ጠጋ ብሎ። ወንዲ ተቀመጠ። አንድ ግንበኛ ቅቤው የሚንጠባጠብ ጉርሻ አፉ ውስጥ ጨመረለት። ወንዲ አላመጠ፣ ዋጠ፣ እንባው መጣ።

«ምነው ልጄ፣ ቃሪያው በዛ?» አሉ እትዬ አጸደ።

«አይ እትዬ» አለ ወንዲ ዓይኑን በክንዱ እየጠረገ። «ቅቤው ነው።»