የእናት ምልክት

ጭስስ አለ። ዝም። ደግሞ ጭስስ። ኤቢሳ የአጥሩ በር ላይ ቆሞ ድምፁን ሲሰማ ሥጋ የሚጠበስ መሰለው።

«ሴኒ! ግባ እንጂ» አሉ፣ በኦሮምኛ ጀምረው፣ የቤቱ እመቤት አዴ ወርቅቱ ከውስጥ። «ውሻው ካንተ ይልቅ ፈሪ ነው።»

ከአሰላ ሳጉሬ ድረስ ያመጣው አንድ ጭንቀት ነበር። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ስለ ሚስዮናዊው ፊደል ይናገራል። ያ ፈረንጅ ለዚህ አገር ሰው ቋንቋ የራሱን ፊደል ፈጥሮ፣ ጥቂት መዝሙር ጽፎበት ሞተ። ዛሬ ያንን ማንበብ የሚችል፣ አያቱ ያስተማሩት ኤቢሳ ብቻ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች «በሕልም ተሰጠው በል» ብለውታል። የግዕዝ አዋቂው መምህር ግዛቸው ደግሞ ከግዕዝ የተቀዳ ነው ባይ ናቸው። ኤቢሳ የማያውቀውን መናገር ቢከብደው፣ ፈረንጁ በእንግድነት ከርሞበታል ወደተባለው ቤት መጣ።

ሲገባ አዴ ወርቅቱ የጋለ ብረት በወተት ቅል አንገት ላይ እየጫኑ ነው። ጭሱ ገለል ሲል ኤቢሳ ጎንበስ ብሎ አየ። ቅሉ ላይ ያለው የሚስዮናዊው ፊደል ነው።

«ማን አስተማረዎት?»

«ምኑን? የቤታችን ምልክት ነው። ድግስ ሲሆን ቅል እንዋዋሳለን፤ እንዳይቀያየር ነው።»

ከዚያ አጫወቱት። ሴት ልጅ ስትዳር የእናቷን ምልክት ይዛ ትሄዳለች፤ ግን የራሷን አንዲት ጭረት ትጨምርበታለች። የበኩሯ ወደ ላይ፣ ተከታይዋ ወደ ጎን፣ ታናሺቱ ከሥር። ቅሉን ያየ የማን ልጅ እንደሆነች ያውቃል።

ኤቢሳ ጭረቶቹን በዓይኑ ተከተለ። አያቱ ፊደሉን ሲያስተምሩት «ይቺ እናቲቱ፣ እነዚህ ልጆቿ» ይሉት የነበረው ለማባበል መስሎት ነበር። ግዕዙም ከአንድ ፊደል የሚወለዱ ልጆች አሉት፤ የጭረቶቹ ቦታ ግን የዚህ ቤት ነው። ቀና ሲል ግድግዳው ላይ የአክስት፣ የእህት፣ የአያት ቅል ተሰቅሏል። ግድግዳው ሙሉ ይነበባል። ጫማውን ማውለቅ አሰኘው።

«ፈረንጁ እዚህ ወተት ይጠጣ ነበር?»

«እናቴ ናት የምትሰጠው። ቅሉን እያገላበጠ ሲያይባት፣ ቆሻሻ የሚፈልግ መስሏት ተቀይማው ነበር።»

«እሑድ የእናትዎን ስም እጠራለሁ። ማን ልበል?»

 አዴ ወርቅቱ ከጥግ የእናታቸውን ያረጀ ቅል አውርደው በመዳፋቸው አበሱና በሁለት እጁ አስያዙት። «ይኸው ስሟ፤ ምልክቷን አንብበው።» ነጠላቸውን ተከናነቡ። ብረቱን ከፍሙ ላይ ሳያነሱ፣ በሩን ክፍት ትተው፣ ቅሉን ብቻውን እንዲያነብ ወጥተው ሄዱ።