ማነጻጸሪያው ሳህን

ትሏ አልተንቀሳቀሰችም። ባለሙያዋ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ሳታነሳ፣ ከገዛ ዓይኗ ነቅላ በስንጥር ጫፍ ባጣበቀችው ሽፋሽፍት ጎኗን እንደገና ነካ አደረገቻት። በሕይወት ያለች ትል ሽፋሽፍት ሲነካት ትሸሻለች፤ የሞተች ዝም ትላለች። ይቺኛዋ ዝም አለች። ወረቀቱ ላይ አንድ ሰረዝ ጨመረች።

በግድቡ ዳር ዓሣ ሞቶ መንሳፈፍ ከጀመረ ወዲህ ከግድቡ የሚመጣው የውሃ መስመር ተዘግቶ፣ ከተማው የጉድጓድ ውሃ በተራ ይጠጣል። ይከፈት አይከፈት የሚለውን የሚወስኑት ታዲያ ትልልቆቹ ሰዎች ሳይሆኑ፣ ዓይን የማይሞሉት እነዚህ ትሎች ናቸው። ባለሙያዋ ወገቧ ከሁለት ሊከፈል ደርሷል። ደክሟታል፤ እንቅልፍ የማያወጣው ዓይነት ድካም ነው።

በግድቡ ውሃ ውስጥ ካሉት ሃምሳ ትሎች አርባ አንዱ ሞተዋል። ይህንንስ ዓሣዎቹ አስቀድመው ነግረዋታል። ጉዱ ያለው ማነጻጸሪያው ሳህን ላይ ነው። እዚያ ያለው ንጹሕ ውሃ ነውና ትሎቹ እንደልባቸው ሊዋኙ ይገባ ነበር። ከሃምሳው ሠላሳ ስምንቱ ሞተዋል።

ደንቡ ግልጽ ነው፤ በንጹሕ ውሃ ከአሥር ትል ከአንድ በላይ ከሞተ ምርመራው ይሰረዛል። የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ይህን ሲሰማ ፊቱ ፈካ አለ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ከላይ በስልክ፣ ከታች ጄሪካን በያዘ ሰልፈኛ ሲጨቀጨቅ የሰነበተ ሰው ነው። «ውጤት አልተገኘም» ብላ እንድትፈርም፣ የቀረው በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚታይ ነግሯት ወደ ቢሮው ሄደ። መፈረም አማራት። ፈርማ፣ ቤቷ ገብታ፣ ጥቅልል ብላ መተኛት።

የማነጻጸሪያው ንጹሕ ውሃ የሚቀመጥበትን ጠርሙስ ልታጥብ ስታነሳው ከበዳት። ከትናንት ወዲያ ግማሽ እንኳ ያልነበረው ጠርሙስ እስካሁን አላለቀም፤ ንጹሑን ውሃ የሚያወጣው የማጣሪያ ማሽን ደግሞ ከተበላሸ ሰንብቷል። ትናንት ትሎቹን ስታዘጋጅ እንዴት ልብ አላለችውም? ድካም ነዋ። የጽዳት ሠራተኛዋን፣ ሁሉም እትዬ የሚላቸውን አሮጊት፣ ጠርታ ጠየቀቻቸው።

«እኔ ነኝ የሞላሁት፣ ልጄ» አሉ እትዬ። «ውሃ አልቆብሽ ስትቸገሪ አይቼ፣ ትናንት በጠዋት ከቧንቧው ቀዳሁልሽ። ተራችን እንኳ አልነበረም፤ ብከፍተው ተንፎለፎለ። አጥፍቼ ይሆን?»

ክው አለች። ሲቸግራት በዚሁ ቧንቧ በሚመጣው የጉድጓድ ውሃ ሠርታ ታውቃለች፤ ትል ሞቶባት አያውቅም። እንግዲያው የጉድጓዱ ውሃ አይደለም። መስመሩ ተከፍቷል፤ እሷ እዚህ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ስትል፣ ከተማው የግድቡን ውሃ ሲጠጣ ውሏል።

ትናንት ማታ ታናሽ እህቷ «ውሃ መጣልን» ብላ በደስታ ተቀብላታለች። የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ባለሙያዋ ግን እንዴት መጣ ብላ እንኳ አልጠየቀችም፤ ብርጭቆ ሞልታ በገዛ እጇ አቀበለቻት። አሁን ፈራች። ከፍርሃቷም ይልቅ እፍረቷ ባሰ።

ኃላፊው ቢሮ ስትገባ ግማሽ የተጠጣ ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«መስመሩን አስከፍተዋል» አለችው።

ቀና ብሎ አላያትም። «ሰዉ ጠማው» አለ። «አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?»

ወረቀቱ ላይ «ማነጻጸሪያ» የሚለውን ሰርዛ በላዩ «የቧንቧ ውሃ» ብላ ጻፈችና ፈረመች። ከብርጭቆው አጠገብ አኖረችለት። ኃላፊው አነበበው፤ ከዚያ ብርጭቆውን በጣቱ ቀስ አድርጎ ከራሱ አራቀው፤ ስልኩንም አነሳ። ማንን እንደሚጠራ ለመስማት አልቆየችም።

ኮሪደሩ ላይ ቆማ ወደ ቤት ደወለች። እህቷን ውሃውን እንዳትጠጣ፣ የቀዳችውንም እንድትደፋ ነገረቻት። እህቷ ለምን እንደሆነ ደጋግማ ጠየቀቻት።

«እሱን ተይውና፣ ልጁ ዛሬ ተንቀሳቅሷል?»

«እንጃ፤ ከጠዋት ጀምሮ ልብ አላልኩትም» አለች እህቷ። «ቆይ እስቲ፣ ነካ ላድርገው።»

ባለሙያዋ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ጠበቀች። በሌላው እጇ ሽፋሽፍት ያለበትን ስንጥር እንደያዘች ነበር።