«ልክ ነዎት» ያልኩበት ዓርብ

ከወንዙ ማዶ ባሉት ቤቶች፣ በእኛ በአገሩ ነባሮች ሰፈር፣ ያጠፋ ሰው ግራውል ይደረጋል። ነጮቹ ቃሉን በእንግሊዝኛቸው ለውሻ ማጉረምረም ነው የሚሉት። በልጅነቴ «አክስቴ ግራውል አደረገችኝ» ብል አስተማሪዬ «አክስትህ ውሻ ናት እንዴ?» ብሎ ክፍሉን አስቆብኛል። እኛ ግን ለሰው እንለዋለን። ቁጣ ነው፤ ስድብ አይደለም፣ ዱላም የለበትም። ያጠፋኸውን ጮክ ብለው፣ በሰው ፊት ይነግሩሃል። በዚያው ቀን አብረሃቸው ትበላለህ።

ቁጣ ባለቤት አለው። የልጅ ቁጣ በመጀመሪያ የእናቱ ወንድም ነው። ከባዕድ አፍ ሲወጣ ስድብ ይሆናል። ስለዚህ ባዕድ በልጅህ ላይ አፉን ከከፈተ አንተ ቀድመህ በልጅህ ላይ ትጮኻለህ፤ ከባዕዱ አብልጠህ። ያኔ ባዕዱ የሚጨምረው ያጣል። ልጁም ውርደቱ ከቤቱ አይወጣም።

እኔ ራሴ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ የከብቶቹን በር ክፍት ትቼ ሁለት መንጋ አደባልቄ ነበር። የከብት እርባታው ነጭ አለቃ ገና መጮኽ ሲጀምር አጎቴ ከፈረሱ ወርዶ ያዘኝ። እስኪያልበው ጮኸብኝ። መጨረሻ ላይ አለቃው ራሱ «ኧረ ይበቃዋል» አለ። እራት ላይ አጎቴ ከሥጋው ጥሩ ጥሩውን ለእኔ አደረገው።

ስለዚህ ደንቡን አላውቅም ነበር ማለት አልችልም።

ሮኔላ የእኅቴ የሜርል የልጅ ልጅ ናት። እናቷ ከሞተች በኋላ ሜርል አሳደገቻት። ሌላ አጎት ስለሌላት ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምቆጣት እኔ ነኝ። ባለፈው ዓመት፣ በሃያ ዓመቷ፣ ኮልቪን የሚባል ነጭ ሥጋ ቤት ተቀጠረች። ከሰፈራችን እዚያ የሠራ ሰው ከእሷ በፊት አልነበረም።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ዓርብ ጠዋት፣ ለውሾቼ አጥንት ልወስድ ገባሁ። ሰልፍ ነበር። አራት ነጮች፣ ከእኛ ደግሞ የአጎቴ ልጅ ባርኒና ሚስቱ። ሮኔላ ማታ ስትወጣ የማቀዝቀዣውን ክፍል በር በደንብ አልዘጋችውም ኖሮ ለፈረስ እሽቅድምድሙ የታዘዘው ሥጋ ግማሹ ተበላሽቷል። ጥፋቷ ጥፋት ነው። ኮልቪን ከጓዳ ወጣ።

«በሩን ዝጊ አላልኩሽም? ጆሮሽን ለጉትቻ ነው የፈጠረልሽ?»

«የዘጋሁት መስሎኝ...»

«መስሎሽ! እናንተ መቼም መስሎን ማለት ነው ሥራችሁ። ሁሉም አትቅጠራት ሲለኝ አልሰማ ብዬ!»

ሮኔላ አየችኝ። ባርኒም ዞር ብሎ አየኝ። ወደፊት ሦስት እርምጃ ነበር። «ተዋት፣ የእኔ ናት» ብዬ በእሷ ላይ መጮኽ ነበረብኝ።

እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር። እዚያ ቁልፍ ነበር። ወንዙ የሚታጠፍበት፣ ትልልቁ ዓሣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር የሚተኛበት ቦታ የኮልቪን መሬት ነው። ከእኛ ሰዎች የአጥሩን በር ቁልፍ የሰጠው ለእኔ ብቻ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ብቻዬን አጥምጄበታለሁ። ቁልፉን ጨበጥኩት። ጫማዬን አየሁ።

ኮልቪን ወደ እኔ ዞረ። በሃያ ዓመት ያንሰኛል።

«አንተ እንኳ አስተዋይ ነህ፣ ክላሪ። እስቲ ፍረድ፣ ልክ አይደለሁም?»

«ልክ ነዎት» አልኩ።

ሮኔላ ሽርጧን ፈታች። አጣጥፋ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችውና ወጣች። ኮልቪን አጥንቱን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። ተቀበልኩት። አመሰግናለሁም ብያለሁ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ሜርል ሄድኩ። በሰባት ዓመት ትበልጠኛለች። ስለ መጠጤ፣ ስለ ሚስቴ፣ ቀብር ስለማርፈዴ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ስትቆጣኝ ኖራለች። ባርኒ በመኪና ቀድሞኝ ደርሶ ነገሩን አውርቷል። ባርኔጣዬን አውልቄ በረንዳው ሥር ቆምኩ። ቁጣዋን ጠበቅሁ።

«ይግቡ እንጂ» አለች ሜርል። «ምን ውጭ ያቆምዎታል?»

ለነርሷና ለፖሊሱ በምታወጣው ስኒ ሻይ ቀዳችልኝ።

«ስኳር ይወስዳሉ?»

«ሜርል፣ እባክሽ» አልኩ።

«አንድ ይበቃዎታል ወይስ ሁለት?»

ባርኒ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ነበር። «ክላሪ! አዲሱን አጎታችንን ኮልቪንን ምነው ይዘኸው አልመጣህ? እሱ ይቆጣናል፣ አንተ ደግሞ ልክ ነዎት ትላለህ። ሥራ ተካፈላችሁ ማለት ነው።»

ሚስቱ ሳቀች።

«ዝም በል፣ ባርኒ» አለች ሜርል። «በእንግዳ ፊት አይቀለድም።»

ሻዩን ጠጥቼ ሄድኩ። ሮኔላ ከክፍሏ አልወጣችም።

ቅዳሜም እሑድም ማንም አልተቆጣኝም። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ሰባኪ የሆንኩ ይመስል በትሕትና ሰላም ይሉኛል። ሰው የማይቆጣው ሰው የማንም አይደለም። ይህ ከቀጠለ፣ ብዬ አሰብኩ፣ ውሾቼን ጭኜ ብሪዝቤን ከተማ ልጄ ዘንድ መሄዴ ነው፤ እዚያ በሰባ አንድ ዓመቴ የማላውቀው ግድግዳ ሳይ ልሞት።

ሰኞ ጠዋት ቁልፉን ለኮልቪን መለስኩለት።

«ምነው፣ ዓሣው አለቀ?» አለኝ።

«አላለቀም» ብዬ ወጣሁ። ምክንያቱን ያኔም ልነግረው ይገባ ነበር። አልነገርኩትም።

ሮኔላን ጓሮ አንሶላ ስታሰጣ አገኘኋት።

«ሮኔላ።»

«አቤት፣ አጎቴ።»

«ግራውል አድርጊኝ።»

«ምን?»

«ተቆጪኝ። በደንብ።»

«እኔ እርስዎን? ምን ነካዎት? ነውር እኮ ነው።»

«ነውሩን እኔ ሠርቼዋለሁ። ሜርል እንቢ አለችኝ። ካንቺ ሌላ የሚቆጣኝ የለም።»

አንዱን አንሶላ ሰቀለች። ሁለተኛውን ዘረጋች፣ ጫፍና ጫፉን አስተካከለች። አትቆጣኝም ብዬ ልሄድ እግሬን ሳነሳ ተናገረች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር።

«አየሁዎት እኮ። ዓይኔን አዩና ከዚያ ጫማዎን አዩ። ጫማዎ ላይ ምን ነበረ?»

ባርኔጣዬን አወለቅሁ።

«ምን ነበረ?» ጮኸች። «በስድስት ዓመቴ የባርኒን ዶሮዎች ስለለቀቅሁ መንገድ ላይ አቁመው ሰፈሩ እስኪሰማ ጮኹብኝ! ለዶሮ! ለዶሮ ጊዜ አፍ ነበረዎት! ሰውየው እናንተ ሲል እኔን ብቻ መሰለዎት? አያቴንም ነው፤ የሞተችውንም እናቴን ነው! እርስዎ ደግሞ ልክ ነዎት አሉት! አጥንቱንም ተሸክመው ሄዱ! በሉት ውሾችዎ? ጣፈጣቸው?»

ጎረቤቶች አጥር ላይ ወጡ። ሜርል ከወጥ ቤት መስኮት አንገቷን አወጣች።

«ጮክ በይ! ታችኛው ቤት አልተሰማም!»

«ኧረ ተሰምቷል!» አለ አንዱ ከታች። ሰው ሳቀ።

ሮኔላ አልሳቀችም። ስለ በሩ ተናገረች፤ ጥፋቷን እንደምታውቅ፣ ብቆጣት ኖሮ ቀና ብላ ሥራዋን ትቀጥል እንደነበር። እሱ ሥራ አሁን የለም። ሌላም እዚህ ከተማ የሚቀጥራት የለም። ይህን ሁሉ ተናገረች፤ ሁሉም እውነት ነበር። እጄን አጣምሬ፣ ራሴን ዝቅ አድርጌ ቆምኩ። ፀሐዩ ራሴን አቃጠለኝ።

በመጨረሻ ድምፅዋ ተዘጋ። የልብስ መቆንጠጫ ጨብጣ ቆመች።

«ጠብቄዎት ነበር» አለች በዝግታ። «ይመጣሉ ብዬ ጠብቄዎት ነበር።»

«አውቃለሁ» አልኩ።

የእርጥቡን ልብስ ቅርጫት ከመሬት አንስቼ ያዝኩላት። የቀረውን ሰቅላ እስክትጨርስ ከገመዱ ሥር ተከተልኳት። ፊቷን ግን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።