የዴልፊና ምላስ

«እህቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ደግ ሴት ነበረች፤ ምላሷ ግን ቀድሟት ሞቷል» አለ ሌአርኮ፣ የፓርሚጃኖ አይቡን በቢላ ጫፍ እየፈረከሰ።

እህቱ ዴልፊና ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። በጣልያን፣ በሞዴና መንደሮች የኮምጣጤ ቀማሽ ተብሎ የሚከበር ሰው ጥቂት ነው። እሷም አንዷ ነበረች፤ ግን ከቀማሾቹ ገበታ ከተነሳች ሃያ ስድስት ዓመቷ፤ የገዛ ቤቷን አሮጌ ኮምጣጤ አበላሸች ተብላ።

«ተው አንተ ሰው! አፈሯ እንኳ አልደረቀም» አለችው ጎረቤቷ ኢዮኔ።

«ምን አልኩ? አዲስ ጭማቂ ትንሿ በርሜል ውስጥ መገልበጥ! ሰክሬም አላደርገው።»

«አንተማ ከሰከርክ በርሜሉንም አታገኘው።»

ለቀስተኞቹ ሳቁ። የዴልፊና ልጅ ኦሪዬታ ግን ትሪውን እንደያዘች ቀረች። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የእናቷ ስም የሚውለው እንዲህ ሆኖ ነው?

የኮምጣጤው በርሜሎች ከትልቅ እስከ ትንሽ ቆጡ ላይ የተደረደሩት ኦሪዬታ በተወለደች ዓመት ነበር። ለማዕድ የሚቀዳው ከትንሿ ነው፤ የጎደላትን ቀጥላ ያለችው ትሞላላታለች፣ የእሷን ደግሞ ቀጣይዋ። ተቀቅሎ የሚመጣው አዲስ የወይን ጭማቂ የሚገባው ትልቁ ውስጥ ብቻ ነው። ኦሪዬታ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ጭፈራ እንዳያመልጣት ስትጣደፍ፣ አዲሱን ትንሿ ላይ ገለበጠችው። እናቷ ቀምሳ ዓይኗን ጨፈነች። ኦሪዬታ ጥፊ ጠበቀች።

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት፤ ሰማሽ?» አለቻት እናቷ። «አንቺ ገና ስም ታተርፊያለሽ። እኔ ስሜን ጠግቤዋለሁ።»

በማግስቱ የቀማሾቹን ገበታ ለቀቀች። ከትንሿም ዳግመኛ አልቀዳችም፤ በየዓመቱ በትነት የጎደለውን እየሞላች ብቻ ጠበቀቻት።

«አጎቴ፣ እኔ ነኝ» አለች አሁን ኦሪዬታ፣ ትሪውን አስቀምጣ።

«ምኑን?»

«የገለበጥኩት። እማማ አይደለችም። ለእኔ ብላ ነው የዋሸችው።»

ሌአርኮ ቢላውን አስቀመጠ። «ሃያ ስድስት ዓመት ስቀልድባት!»

«ትስቅልህ ነበር።»

«ትስቅልኝ ነበር… እኔ ጅል! ሂጂ፣ ከትንሿ ቅጂ።»

ቀድታ አመጣች። ሌአርኮ ብርጭቆውን መስኮቱ ፊት አዘነበለው፤ ጥቁሩ ኮምጣጤ ሳይቸኩል በብርጭቆው ጎን ወረደ። አሸተተው፤ አልቀመሰም ግን።

«መጀመሪያ የቤቱ ቀማሽ» አለና እናቷ ትቀምስበት የነበረውን የሸክላ ማንኪያ ሰጣት።

ኦሪዬታ ሞልታ፣ በልማድ ወደ እናቷ ባዶ ወንበር ዞረች። እጇ አየር ላይ ቀረ። ያቺ ሴት ስሟን አውልቃ እንዳለበሰቻት ያኔ ልቧ ድረስ ገባት፤ አንድም ቀን አላመሰገነቻትም ነበር። «እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ከዚያ ማንኪያውን ራሷ ጎረሰችው። ጣፋጩ መጣ፣ ኮምጣጣው ተከተለ፤ አንዱ ሌላውን አልተጫነውም።

«ኮምጣጤው ደርሷል» አለች።

ማንኪያውን እንደገና ሞላችው። ሌአርኮ ዓይኑን በእጅጌው ጠርጎ እንደ ልጅ አፉን ከፈተላት፤ እሷም አጎረሰችው።