የሳንዳ ባዶ ገጽ

አስተማሪዋ ዛምፊራ ሰሌዳው ላይ ክብ ስትስል እጇ አይስትም። በዚችው የሞልዶቫ መንደር ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ስትስለው ኖራለች። ጀግናው ከቤቱ ደጃፍ ይነሳል፣ ወንዝ ይሻገራል፣ ጭራቅ ይገጥማል፣ የሄደበትን ያገኛል፤ ከዚያ ዞሮ ዞሮ እዚያው ደጃፍ ላይ ይደርሳል። ጠመኔው መነሻውን ሲነካ "ቷ!" ታደርገዋለች። ዘጠኙ ተማሪዎቿም አብረዋት "ቷ!" ይላሉ።

ታሪክ ካነበበችላቸው በኋላ መጽሐፉን ከድና ለጀግናው ደብዳቤ ታስጽፋቸዋለች። "ታሪኩን መልሳችሁ እንዳትነግሩኝ፣ እኔም አንብቤዋለሁ። እናንተን ምን እንዳደረጋችሁ ለሱ ንገሩት" ትላለች። የዚያን ሰኞ ፀሐይን ከጉድጓድ ሊያወጣ ስለሄደ ወጣት አነበበችላቸው። ልጆቹ ጎበዝ፣ በርታ፣ እያሉ ጻፉለት። የአሥራ ሁለት ዓመቷ ሳንዳ ግን የጻፈችው አንዲት መስመር ነው፦ "አንተ ስትሄድ ትንሿ እህትህ ከማን ጋር ቀረች?" ዛምፊራ ቀይ እስክሪብቶዋን አንስታ ከሥሩ "ስሜትሽ የታለ?" ብላ ጻፈችበት። በኋላ ያንን ቀይ ጽሑፍ ባሰበች ቁጥር ፊቷ በሐፍረት ይግል ነበር።

ቀጥላ የየራሳቸውን ጀግና ፈጥረው እንዲጽፉ አዘዘች። የተሻለው ታሪክ ከፋሲካ በኋላ ለወረዳው ውድድር ይላካል።

"የኔ ጀግና ዘንዶውን በትራክተር ነው የገጨው፣ እትዬ" አለ ፓንቴሊ።

"ጀግና በትራክተር ይሄዳል እንዴ?"

"ታዲያ በእግሩ ይሂድ? ሰባት ተራራ ነው'ኮ!"

"ተመለሰ ወይ?"

"ናፍጣ ከየት አባቱ አምጥቶ?"

ክፍሉ በሳቅ አለቀ። ሳንዳ ብቻ በመስኮቱ ግቢው ውስጥ ወዳለው የአፕሪኮት ዛፍ ታያለች።

ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ሲሄዱ ዛምፊራ የሳንዳን ደብተር ከፈተች። መስኮቱ ክፍት ነው፤ የዛፉ ነጫጭ አበባ እየበረረ ገጹ ላይ ያርፋል። ታሪኩ ከደጇ ስለወጣች አንዲት ሴት ነው። ሴትዮዋ ስማቸውን የረሱ ሽማግሌዎች ብቻ የሚኖሩበት አገር ደረሰች። እግራቸውን ለብ ባለ ውሃ ስታጥባቸው ስማቸው ትዝ ይላቸዋል፤ ነገር ግን አንድ ስም በተመለሰ ቁጥር ከድምፅዋ ትንሽ ይቀነሳል። ለልጇ ስትደውል ድምፅዋ መጀመሪያ እንደ ዘፈን፣ ቀጥሎ እንደ ንፋስ፣ ከዚያ ዝናብ ከሩቅ እንደሚሰማው ሆነ። ዛምፊራ እያነበበች ሸለብ አደረጋት መሰል፣ ራሷን በዚያ አገር ኮሪደር ውስጥ የውሃ ሳፋ ይዛ አገኘችው። ከአንዱ በር ጀርባ ሊዝበን ከገባ ዘጠኝ ዓመት የሞላው የራሷ ልጅ ያስላል። በሩን ልትከፍት ስትል ነቃች። ገጹን ብትገልጥ ቀጣዩ ባዶ ነው። መጨረሻ የለውም።

በማግስቱ ሳንዳን አስቀረቻት።

"ከሁሉም ያንቺ ይበልጣል። ግን መመለሷን ሳትጽፊ አልክልሽም። ክቡን ዝጊው እንጂ የኔ ልጅ!"

"አልችልም፣ እትዬ።"

"የማትችይው ምኑን ነው? አንድ ገጽ'ኮ ነው! እናትየዋ አገሯ ገባች፣ በሩን ከፈተች፣ አለቀ።"

ልጅቷ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ጣቷን ወደ መስኮቱ ቀሰረች። አፕሪኮቱ ላይ፣ እንደ አገሩ ልማድ መጋቢት ሲጠባ ልጆቹ ደረታቸው ላይ ያሰሯቸውና ወሩ ሲያልቅ ምኞት ተመኝተው ቅርንጫፍ ላይ የቋጠሯቸው ቀይና ነጭ ክሮች ይወዛወዛሉ።

"ምኞቱን የተናገረ ያጣዋል ብለው የነገሩን እርስዎ አይደሉ እንዴ?" አለች። "ከጻፍኩትማ ተናገርኩት ማለት ነው።"

ዛምፊራ ክሮቹን አየቻቸው። አዎ፣ የነገረቻቸው ራሷ ናት። በየዓመቱ ክር ስታድላቸው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ልክ ትልቅ ምስጢር እንደምታካፍል ሰው። የሳንዳ እናት ጣሊያን አገር፣ ቦሎኛ ከሄደች አራት ዓመቷ ነው፤ የሰው አሮጊት ታስታምማለች። ይህን መንደሩ በሙሉ ያውቃል፤ ዛምፊራም ታውቃለች፤ እያወቀች ነው ክብ ዝጊ ያለቻት። በራሷ አፈረች።

ከሰሌዳው ላይ ክቡን ሙሉ በሙሉ አላጠፋችውም። ጠመኔው መነሻውን የሚነካበትን ቦታ ብቻ በመዳፏ ጠረገችው።

በነጋታው ታሪኩን ለክፍሉ አነበበችና ለሴትዮዋ ደብዳቤ አስጻፈቻቸው። ያን ቀን "ጎበዝ፣ በርቺ" ያለ አልነበረም። አንዷ "በሩን አልቆለፍነውም" አለቻት። ሌላው ድምፅዋ ቢያልቅባት በእጇ ብታወራም እንደሚገባው ጻፈላት። ፓንቴሊ "ዘንዶ ካስቸገረሽ ትራክተሩን ልላክልሽ፣ ናፍጣ ግን ካንቺ" አለ። ዛምፊራ ሳንዳን ወደ ጥግ ወስዳ፣ "ለእናትሽ ብልከውስ? ያለ መጨረሻ፣ እንዳለ" አለቻት። ሳንዳ ብዙ አስባ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች።

ቅዳሜ፣ በየሳምንቱ ጣሊያን ላሉት ዕቃ የሚያመላልሰው ሚኒባስ ሲጫን ደብተሩ ከነደብዳቤዎቹ፣ በማር ብልቃጥና በዋልነት ፍሬ ጆንያ መሃል ተቀመጠ። ሹፌሩ ጋሽ ኦኖፍሬይ "ምንድነው፣ መጽሐፍ መነገድ ጀመርሽ?" ብሎ በዛምፊራ ቀለደ። "ዝም ብለህ ንዳ፣ እንዳይረጥብ ብቻ!" አለችው።

በሳምንቱ እሑድ ደብተሩ ተመለሰ። ዛምፊራና ሳንዳ ትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ከፈቱት። ባዶው ገጽ የለም። በጥንቃቄ፣ በመቀስ ተቆርጦ ወጥቷል። ካጠገቡ ባለው ኅዳግ ላይ ሥራ ባሻከረው እጅ የተጻፈ አንድ መስመር ነበር፦

"ይቺን ገጽ እኔው ይዣት እመጣለሁ።"

ገጽ ጎድሎታል ይበሉ የውድድሩ ዳኞች፣ እንደዚሁ ነው የምልከው፣ አለች ዛምፊራ በልቧ።

"እትዬ" አለች ሳንዳ፣ በሹክሹክታ፣ "ይሄ ምኞትን መናገር ነው?"

"አይደለም። የተናገረችው እሷ ናት፤ አንቺ ምን ወጣሽ?"

ሳንዳ ደብተሩን ደረቷ ላይ ለጥፋ ወደ አፕሪኮቱ ሮጠች፤ ክሯ እዚያው መኖሩን ልታይ።