ኦቦ ሆርዶፋን የጠበቀው ዜማ

ቶሌራ ዘፈን የሚሰማው በዓይኑ ነው እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ቀልዱ ከእውነት አይርቅም። አምቦ ዋናው መንገድ ዳር ማመልከቻ በሚተይብበት ሱቅ፣ ደንበኛ ሲጠፋ የድሮ የፈረንጅ የፍቅር ዘፈኖችን በሚዲ ፋይል ይከፍታል። ሚዲ የተቀዳ ድምፅ አይደለም፤ የትኛው ቁልፍ መቼ እንደተነካ፣ በምን ጉልበት እንደተመታ፣ መቼ እንደተለቀቀ ብቻ ይናገራል፤ ድምፁን የሚሰጠው ኮምፒዩተሩ ነው። ፒያኖው በአንድ መስመር፣ ባሱ በሌላ፣ ከበሮው ለብቻው ስክሪኑ ላይ ይዘረጋል፤ በዘፋኙ ቦታ ደግሞ ዋሽንት ገብቷል። ቶሌራ አንዱን ዝም ያሰኝና ሌላውን ያደምጣል።

«ዶሮ አደረግኸው እኮ፣ ብልት ብልቱን!» ይለዋል ባይሳ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ኪቦርድ ተጫዋች። «መልሰህ ብትገጥመው እንኳ ከእንግዲህ አይጮህልህም።»

በሚሊኒየሙ ዓመት ጥር ላይ የጎረቤቱ ልጅ ዶርቃስ ልታገባ ሆነ። አባቷ ኦቦ ሆርዶፋ ዕድሜያቸውን በድሬሰርነት የፈጁ፣ ከአምቦ እስከ እጃጂ እሳቸው መርፌ ያልወጉት ሰው የለም የሚባልላቸው ናቸው። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ግራ እግራቸውን ይጎትታሉ። ልጃቸውን ግን በተሽከርካሪ ወንበር ሆነው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊያስገቡ አልፈለጉም። «በእግሬ!» አሉ፤ አለቀ። የመግቢያ ዜማውንም ራሳቸው መረጡ፤ በጎልማሳነታቸው ቴፑ እስኪግል ያጫወቱት የፈረንጅ ዘፈን ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎችም «ቃል ከሌለው ምን ከፋ» ብለው ፈቀዱ፤ ከኮምፒዩተሩ የሚያጫውተው ቶሌራ ሆነ።

«ቶሌ፣ አንድ ነገር ብቻ» አለችው ዶርቃስ። «አባዬ መድረኩ ጋ ሳይደርስ ዜማው እንዳያልቅ። ዝም ካለ ይቸኩላል፤ ከቸኮለ ይወድቃል። ያ ሁሉ ሰው ፊት ከወደቀ ደግሞ ዳግመኛ ከቤት አይወጣም።»

ቶሌራ መጀመሪያ ፍጥነቱን ቀነሰው። ዘፈኑ ለቅሶ ቤት መሰለ። መልሶ አፈጠነውና ከበሮውን አጠፋ፤ እግር የሚያባርር ምት ባይኖር ይሻላል ብሎ። ያኔ ነው የፒያኖውን ግራ እጅ የሰማው። ዘፈኑን ተሸክሞት የኖረው ለካ እሱ ነው! በተለይ ዋሽንቱ አርፎ ፒያኖው ብቻውን የሚቀርበት ቦታ ላይ፣ አራት ኮርዶች፣ በአንዴ የሚመቱ የድምፅ እቅፎች፣ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ቀስ እያሉ ይወርዳሉ፤ የመጨረሻው ለስለስ ብሎ፣ ትንሽ ዘግይቶ ይመጣና ለመጀመሪያው በሩን ይከፍትለታል። ፋይሉ የሠሪው ስም የለበትም። የሆነ አገር፣ የሆነ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ተቀምጦ ይህችን መዘግየት በጣቱ አስቀምጧታል፤ ማንም እንደማያመሰግነው እያወቀ። ቶሌራ አገጩን በመዳፉ ደግፎ ደጋግሞ ሰማት። እንዲህ የሚጠብቅ ጣት ያለው ሰው ክፉ ሊሆን አይችልም ሲል አሰበ።

ከበሮው በነበረበት ቫዮሊን አነጠፈ። ለልምምድ ሲሞክሩት ኦቦ ሆርዶፋ ዜማው ሳያልቅ ደረሱ፤ ጊዜም ተረፋቸው። ዶርቃስ ጉንጩን ሳመችው።

የሠርጉ ዕለት ግን የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሞላ፤ መድረኩ ሥር ከባይሳ ጎን ኮምፒዩተሩ ላይ የተቀመጠው ቶሌራም ስህተቱን ያኔ አየ። የለካው ባዶ አዳራሽ ነበር።

ኦቦ ሆርዶፋ ገና ከበሩ ሳይርቁ አንዲት አሮጊት ብድግ አሉ። ለሳቸው የተነሳን ሰው ዝም ብለው ሊያልፉ ነው? ቆሙ። «አካም ጅርቱ? ኢጆሌን ነጋ?» የልጆቹ፣ የከብቱ፣ የአዝመራው ደኅንነት ተጠየቀ፤ መልስም ተሰጠ። ቀጣዩ አግዳሚ ወንበር ደግሞ በሙሉ ተነሳ። ዶርቃስ በቬሎዋ ውስጥ ሆና ዓይኗን ወደ ቶሌራ ወረወረች።

«አለቀብህ!» አለ ባይሳ በጆሮው። «በኪቦርድ ልግባልህ?»

«አትንካ!»

ዋሽንቱ አረፈ፤ ፒያኖው ብቻውን ቀረ። ቶሌራ የአራቱን ኮርዶች መነሻና መድረሻ ምልክት አድርጎ የድግግሞሹን ቁልፍ ተጫነ። የመጨረሻው ዘግየት ብሎ መጣ፣ በሩን ከፈተ፣ የመጀመሪያው ገባ። ስፌቱ የት እንደሆነ ቶሌራ ራሱ አላወቀውም።

«ዞረ እንዴ?» አለ ባይሳ አፉን ከፍቶ። ቆየት ብሎም «ይኼን የሠራው ሰውዬ ማነው?» አለ።

«አላውቀውም።»

ኦቦ ሆርዶፋ አንዷን ወይዘሮ በጣታቸው እያመለከቱ «አንቺ መርፌ ሸሽተሽ አልጋ ሥር የገባሽው አይደለሽም?» አሉ፤ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እግራቸውን ጎተቱ፣ ቆሙ፣ ሰላም አሉ፣ ደግሞ ጎተቱ። ፒያኖው ወረደ፣ ከፈተ፣ ወረደ፣ ከፈተ። ማንም አላጣደፋቸውም። ቶሌራ የሚያየው ሰውዬና የሚሰማው ጣት አብረው የሚሄዱ መሰለው፤ ሁለቱም ሰው ጥለው ማለፍ የማይሆንላቸው።

ደረሱ። የዶርቃስን እጅ በሙሽራው በቀንዓ እጅ ላይ አኖሩና «ተቀበል እንግዲህ፣ ክንዴ ዛለ» አሉት።

ቶሌራ ድግግሞሹን ለቀቀው። ዋሽንቱ የመጨረሻውን ስንኝ ይዞ ገባ። ፓስተሩ ሊናገሩ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ መልሰው ዘጉትና እጃቸውን መጽሐፋቸው ላይ አድርገው እስኪያልቅ ጠበቁ።